ሌዥኑ የት ነው? በሽቦና በአምፖል የሚሠራ የህብለ ሰረሰር ሰሌዳ (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

ከሥራው በፊት

ኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ለሚማሩ ልጆች አንድ ሰሌዳ እየሠራሁ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርደውንና ከሰውነት ተነስቶ ወደ አንጎል የሚወጣውን ዋና ዋና መንገድ በሽቦ መዘርጋት፣ በየሽቦው ጫፍ አምፖል ማድረግ፣ ከዛ የፈለጉበት ከፍታ ላይ ስፒናውን ነቅሎ የትኛው አምፖል ጠፋ የትኛው በራ ብሎ ማየት። ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ሲንድረሞቹን (አብረው የሚመጡ ምልክቶች ስብስቦችን) በስማቸው መሸምደድ ይቻላል፣ ተማሪዎቹም ይሸመድዳሉ ፈተና ላይም ይመልሳሉ፣ በሽተኛ ግን የሲንድረሙን ስም ይዞ አይመጣም፣ "እግሬ አልታዘዝ አለኝ"፣ "ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ መለየት አቃተኝ" ብሎ ነው የሚመጣው፣ ከዛ ተነስቶ ሌዥኑ፣ ማለትም የተጎዳው ቦታ፣ የት እንደሆነ ማግኘት የሐኪሙ ሥራ ነው። ቦታው ካልታወቀ ኤምአርአይ ራሱ አያድንም፣ አንገት መነሳት ሲገባው ወገብ ይነሳና "ምንም የለም" ተብሎ ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሰሌዳው ላይ በተለይ እንዲታይ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፣ ቦታውን የሚናገረው የጠፋው ብቻ አይደለም፣ የተረፈውም ነው። እንደውም ብዙ ጊዜ የሚወስነው የተረፈው ነው። ለዛ ነው አምፖሎቹ ሲጎዳ የሚበሩ ሳይሆኑ ጤና ሆኖ ሲውል በርተው የሚውሉ ያደረኳቸው። ሁሉም በርቶ ይጀምራል፣ ከዛ ይጠፋል፣ የቀረውን ብርሃን ማንበብ ነው ሥራው።

ሰኞ፣ ሰሌዳና ቀለም

ኮምፔርሳቶ ቆርጬ የሰው ቅርጽ ሳልኩበት፣ ከጀርባ በኩል። ከፊት ብስለው ኖሮ የሰውየው ቀኝ በእኛ ግራ ይሆንና ገና ከመጀመሪያው ግራ መጋባት ነበር የሚሆነው፣ ከጀርባ ሲሆን ግን ቀኙ ቀኛችን ነው።

ሦስት ቀለም ሽቦ። ቀይ ሞተር ነው፣ ማለትም ኮርቲኮስፓይናል፣ ጡንቻን የሚያዘው። ሰማያዊ ዶርሳል ኮለም ነው፣ ንዝረትንና ጣቴ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚለውን የአቀማመጥ ስሜት የሚሸከም። አረንጓዴ ስፓይኖታላሚክ፣ ህመምና ሙቀት ቅዝቃዜ። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሌላም ብዙ መንገድ አለ፣ ግን አልጋ አጠገብ ቆሞ በመርፌ፣ ሲመታ በሚነዝር ሹካ መሰል ብረት (ቱኒንግ ፎርክ) እና በመዶሻ በግልጽ የሚመረመሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፣ ለቦታ ፍለጋ መነሻ እነሱ ይበቃሉ።

በእያንዳንዱ ጎን ፊት፣ ክንድ፣ ሆድ፣ እግር፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ቀለም፣ ጠቅላላ 24 ኤልኢዲ። ኃይሉ 5 ቮልት ከሞባይል ቻርጀር፣ ለእያንዳንዱ አምፖል 220 ኦም ሬዚስተር አስገባሁ፣ ሁሉም አንድ ላይ በርቶ ከ300 ሚሊ አምፔር አያልፍም ስለዚህ የሚሞቅም የሚያስፈራም ነገር የለውም። ኤሌክትሪኩ ለሁሉም ከላይ ነው የሚመጣው፣ ስሜት ግን እውነቱን ከሆነ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ለመቆረጥ ጉዳይ አቅጣጫው ለውጥ ስለማያመጣ ተውኩት።

ስድስት መቁረጫ ቦታ አለው። ከላይ ወደ ታች ሚድብሬይን፣ ፖንስ፣ ሜዱላ (ሦስቱ አንጎልን ከህብለ ሰረሰር የሚያገናኘው የአንጎል ግንድ ክፍሎች ናቸው)፣ አንገት (ሲ5)፣ ደረት (ቲ4) እና የታችኛው ጫፍ። ፊደሉ የህብለ ሰረሰሩ ክፍል ነው፣ ሲ አንገት፣ ቲ ደረት፣ ኤል ወገብ፣ ኤስ መቀመጫ፤ ቁጥሩ ሴግመንቱ ነው፣ ማለትም አንድ ጥንድ ነርቭ የሚወጣበት ቁራጭ። በየቦታው ሁሉም ሽቦ በትንሽ ስፒና ያልፋል፣ ስፒናውን መንቀል ማለት ሌዥን ማለት ነው።

ረቡዕ፣ መሻገሪያዎቹ

ዛሬ ሙሉ ቀን መሻገሪያ ላይ ነው የዋልኩት፣ ዋጋም ያለው ሥራ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስቱም መንገድ ጎን ይቀይራል፣ የሚቀይሩበት ቦታ ግን አንድ አይደለም፣ ሌዥን ፍለጋ የሚቻለው ራሱ በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ቢሻገሩ ኖሮ ሌዥኑ አንገት ይሁን አንጎል በነሱ መለየት ባልተቻለ።

ቀዩ ሜዱላ መጨረሻ ላይ ይሻገራል፣ ፒራሚድ የሚባሉት ሁለት ጉብታዎች ላይ፣ እዛ ጋ የግራና የቀኙ እሽግ እንደ ሹሩባ እየተጎነጎነ ያልፋል። አብዛኛው ክር ነው የሚሻገረው፣ ወደ 85 ወይም 90 በመቶ የሚሆነው፣ ጥቂቱ ሳይሻገር ይወርዳል፣ እኔ ጥቂቱን ሰሌዳው ላይ አላስገባሁም።

ሰማያዊው ህብለ ሰረሰር ውስጥ እያለ አይሻገርም፣ በገባበት ጎን ቀጥ ብሎ ሜዱላ ድረስ ይወጣል፣ እዛ የመጀመሪያው ነርቭ ያልቅና ሁለተኛው ተሻግሮ ሜዲያል ሌምኒስከስ የሚባል እሽግ ሆኖ ወደ ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ ቀይና ሰማያዊ ተቀራርበው የታችኛው ሜዱላ አካባቢ ነው የሚሻገሩት፣ የሰሌዳው ላይ መሻገሪያቸው ከሜዱላ ስፒና በታች ከአንገት ስፒና በላይ ገባ።

አረንጓዴው ነው ልዩ። ህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደገባ አንድ ሁለት ሴግመንት ወጣ ብሎ እዛው ይሻገራል፣ በመካከለኛው ቦይ ፊት ለፊት በምታልፈው ቀጭን ድልድይ በኩል። ከዛ በኋላ መንገዱን ሁሉ በተቃራኒ ጎን ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ቀኝ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው ቀይና ሰማያዊ የቀኝ እግር ነው፣ ከጎናቸው ያለው አረንጓዴ ግን የግራ እግር ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር በማርከር ሰሌዳው ግርጌ ጻፍኳት፣ ሰው ሰሌዳውን ሲያይ መጀመሪያ እሷን ቢያነብ ብዬ።

ሽቦውን ስዘረጋ አረንጓዴውን በቀጥታ ከመሻገር ይልቅ ሁለት ቀዳዳ ከፍ አድርጌ ነው ያሻገርኩት፣ በትራፓኖ በየሁለት ሴንቲሜትሩ የበሳሁት ለዛ ነበር። ትርጉም አለው፣ ሌዥኑ ቲ4 ላይ ከሆነ በተቃራኒው ጎን ህመም የማይሰማበት መስመር የሚጀምረው ቲ5 ወይም ቲ6 አካባቢ ነው፣ ከሱ በላይ የገባው ከሌዥኑ በላይ ነው የሚሻገረው፣ ስለዚህ ያመልጣልና።

ሐሙስ ማታ፣ የመጀመሪያው መቁረጥ

ሁሉም በራ። ደረት ላይ የቀኙን ሦስት ስፒና በአንድ ጊዜ ነቀልኩ፣ ግማሽ ህብለ ሰረሰር ተቆረጠ ማለት ነው። ቀኝ ሆድና ቀኝ እግር ቀዩም ሰማያዊውም ጠፋ፣ አረንጓዴው ግን በራ። ግራ ሆድና ግራ እግር ተቃራኒው፣ ቀይና ሰማያዊው በርቶ አረንጓዴው ብቻ ጠፋ። ክንዶችና ፊት ምንም አልነካቸውም።

ይሄ ብራውን ሴካርድ የሚባለው ነው፣ በ1817 ሞሪሸስ የተወለደው ሻርል ኤድዋርድ ብራውን ሴካርድ እንስሳት ላይ ህብለ ሰረሰሩን በግማሽ እየቆረጠ ነው ያሳየው። እንዲህ ንጹህ ሆኖ በሽተኛ ላይ ብዙም አይገኝም፣ ስለት ወግቶት ከሆነ አልፎ አልፎ ይታያል፣ ዕጢ ከጎን ሲጫን ደግሞ ከፊል ቅርጹ ይመጣል። ግን ከፊልም ቢሆን ዋናውን ሐሳብ ያስይዛል፣ የደከመው እግርና መርፌ የማይሰማው እግር የተለያዩ ከሆኑ ሌዥኑ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው ብሎ መነሳት ይቻላል፣ ጎኑም የደከመው እግር ጎን ነው። አንጎል ውስጥ ያለ ሌዥን እንዲህ አያደርግም፣ እዛ ሲደርስ ሁሉም ተሻግሮ ጨርሷል።

ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ግን ምርመራው ላይ ነው። ሰውየው የደከመ እግሩን እያሳየ ነው የሚመጣው ስለዚህ መርፌውም እሱ እግር ላይ ብቻ ይደረጋል፣ ይሰማኛል ይላል፣ ስሜት ደህና ነው ተብሎ ይጻፋል። ችግሩ ያለው ደህና ነኝ ያለው እግሩ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ መሐል፣ ፊት፣ ኋላ

መሻገሪያዋ ድልድይ ላይ ለብቻዋ ስፒና አደረኩላት፣ አንገት አካባቢ ካለው ከፍታ ላይ። ስነቅላት የሁለቱም ክንድ አረንጓዴ ጠፋ፣ ሌላው ሁሉ በራ፣ የእግሮቹ አረንጓዴ ጭምር፣ እነሱ ከታች ተሻግረው ዳር ዳሩን ነው የሚያልፉትና። ሲሪንጎማይሊያ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ህብለ ሰረሰር መሐል ፈሳሽ የያዘ ክፍተት ይፈጠርና ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ሰውየው ትከሻና እጁ ላይ ቃጠሎ አይሰማውም፣ ንክኪ ግን ይሰማዋል፣ እጁ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ይገኛል፣ ሲጠየቅ መቼ እንደተቃጠለ አያውቅም። ከላይም ከታችም ጤና፣ መሐል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ የስሜት ማጣት ካየሁ እኔ በቀጥታ ወደ ህብለ ሰረሰሩ መሐል ነው የማስበው።

ከዛ ደረት ላይ የሁለቱንም ጎን ቀይና አረንጓዴ ነቀልኩ፣ ሰማያዊውን ተውኩ። ይሄ የፊተኛው የህብለ ሰረሰር ደም ስር ሲዘጋ ነው፣ ከፊት ለፊት ያለችው አንዷ አርተሪ የህብለ ሰረሰሩን የፊት ለፊት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ታጠጣለች፣ ኋላው የራሱ ሁለት አርተሪዎች አሉት። ሰውየው በድንገት ሁለት እግሩ ይከዳዋል፣ መርፌ አይሰማውም፣ ቱኒንግ ፎርክ አውራ ጣቱ ላይ ሲደረግ ግን "ይንዘኛል" ይላል። የተረፈው ነው ያወራው፣ ንዝረቱ ባይሞከር ኖሮ ህብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ ተቆረጠ ተብሎ ነበር የሚያዘው።

ተቃራኒው ሰማያዊው ብቻ ሲጠፋ ነው። ጉልበት አለው፣ መርፌ ይሰማዋል፣ ዓይኑን ጨፍን ሲባል ግን ይወድቃል። ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎዳው ይሄው ኋላ ያለው ነው፣ ቀዩም አብሮ ይከተላል፣ ቀድሞ ከተደረሰበት ይታከማል ስለዚህ ንዝረት ሳይመረመር የሚቀር እግር ባይኖር ደስ ይለኛል።

እሁድ፣ ሪባን ኬብሉ

እስካሁን አረንጓዴው አንድ ሽቦ ነበር፣ እሱ አልበቃም። ስፓይኖታላሚክ ውስጥ ክሮቹ በሥርዓት ነው የተደረደሩት፣ ከታች የመጣው (መቀመጫና እግር) ወደ ውጭ ዳር፣ ከላይ የተጨመረው (ክንድ) ወደ መሐል። ምክንያቱ ራሱ መሻገሪያው ነው፣ ከየሴግመንቱ ተሻግሮ የሚገባው አዲስ ክር ከውስጥ በኩል ነው የሚቀላቀለው፣ የቀደመውን ወደ ውጭ እየገፋ። ስለዚህ አንገት ላይ ያለውን አረንጓዴ ነቅዬ በአራት ክር ሪባን ኬብል ተካሁት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ መቀመጫ፣ እግር፣ ሆድ፣ ክንድ ብዬ፣ ለእያንዳንዱ ክር ለብቻው ስፒና። ለመቀመጫ በየጎኑ አንድ ተጨማሪ አምፖል ገባ።

ከውጭ የሚጫን ነገር፣ ለምሳሌ ከሽፋኑ የተነሳ ዕጢ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው የውጩን ክር ነው። ከውጭ አንድ ሁለቱን ነቀልኩ፣ መቀመጫና እግር ጠፋ። ሦስተኛውን ስጨምር ሆድ ጠፋ። ክንዱ ግን እንደበራ ነው! አሁን ሰሌዳውን ሳያይ አምፖሉን ብቻ የሚያይ ሰው መስመሩ ደረት ላይ ነው ይላል፣ ከቲ4 በታች አይሰማውም ይላል፣ ስፒናው የተነቀለው ግን አንገት ላይ ነው።

ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ደረት ላይ የስሜት መስመር ተገኝቶ ኤምአርአይ ደረት ብቻ ከታዘዘ አንገት ላይ ያለው ጫና ሳይታይ ይቀራል፣ በየቀኑ ደግሞ የሚሞት ነርቭ አለ። የስሜት መስመር የሚነግረን ሌዥኑ ከዚህ በታች አይደለም ብሎ ነው፣ እዚሁ ነው አይልም። ከሱ በላይ የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ መስመሩ ደረት ላይም ቢሆን አንገት አብሮ ይነሳ ነው የምለው፣ በተለይ እጅ ላይ ትንሽም ቢሆን ምልክት ካለ፣ ቁልፍ መቆለፍ አስቸገረኝ የሚል ቃል እንኳ ከሰውየው አፍ ከወጣ።

ከውስጥ የሚጀምረው ደግሞ ተቃራኒ ነው። የውስጦቹን ክሮች ነቅዬ የውጩን ስተው መቀመጫው ብቻ በርቶ ቀረ። ከፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ስሜት ከተረፈ ሌዥኑ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ አደጋ ላይ ደግሞ ህብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ አልተቆረጠም ማለት ነው፣ ለሰውየው የማገገም ተስፋ ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ለመመርመር ስለሚያሳፍር ይዘለላል። መዘለል የለበትም።

ማክሰኞ፣ ከፍታውን የሚናገሩት

ሦስቱ ሽቦዎች ጎኑን ይናገራሉ፣ ከፍታውን ግን ብዙም አይናገሩም፣ ከላይ እንዳየነው። ከፍታውን የሚናገረው እዛው ሴግመንት ላይ የሚወጣው ነርቭ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ጎን ረጅም ካርቶን ለጠፍኩ። በስሜት፦ ሲ6 አውራ ጣት፣ ሲ7 መሐል ጣት፣ ሲ8 ትንሿ ጣት፣ ቲ4 የጡት ጫፍ፣ ቲ10 እምብርት፣ ኤል1 ብሽሽት፣ ኤል5 የእግር አውራ ጣት፣ ኤስ1 የእግር ውጫዊ ዳር። በጉልበት ሲ5 ክንድን ከጎን ማንሳት፣ ሲ7 ክርን መዘርጋት፣ ቲ1 ጣቶችን መበተን፣ ኤል5 የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት። በሪፍሌክስ (ጅማቱ በመዶሻ ሲመታ ጡንቻው በራሱ የሚዘልበት) ባይሴፕስ (የክንድ ፊት ለፊት ጡንቻ) ሲ5 ሲ6፣ ትራይሴፕስ (የክንድ ኋላ ጡንቻ) ሲ7፣ ጉልበት ኤል3 ኤል4፣ ቁርጭምጭሚት ኤስ1።

ሪፍሌክሱ ላይ አንድ ነገር በደንብ ልግለጽ፣ መዶሻ ያለው ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት ስለሚችል። ሌዥኑ ያለበት ሴግመንት ላይ ሪፍሌክሱ ይጠፋል፣ ከጡንቻው ወደ ህብለ ሰረሰር ሄዶ የሚመለሰው ቅስት ራሱ ተበጥሷልና፤ ከሱ በታች ያለው ግን ከላይ የሚመጣው ልጓም ስለተቋረጠ ይጠነክራል። ሲ5 ሲ6 ላይ ሌዥን ያለው ሰው ባይሴፕሱ ዝም ይላል፣ ትራይሴፕሱ፣ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ይዘላል፣ ክንዱ ዳር ራዲየስ አጥንት ላይ ስትመቱት ክርኑ መታጠፍ ሲገባው ጣቶቹ ይታጠፋሉ። የእግር መዳፍ ሲጫር ደግሞ አውራ ጣት ወደ ላይ ይነሳል፣ ጆዜፍ ባቢንስኪ በ1896 የገለጸው ምልክት። ዝም ካለው ወደ ሚዘለው የሚቀየርበት ቦታ ነው ከፍታው። ግን ጉዳቱ ድንገተኛና ከባድ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሪፍሌክስ ሊጠፋ ይችላል፣ ስፓይናል ሾክ ነው፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆያል፣ ያን ጊዜ የላላ እግር ታይቶ ነርቩ ነው ህብለ ሰረሰሩ አይደለም ማለት አይቻልም።

ሌላ ካርቶን ላይ የአጥንቱንና የሴግመንቱን ልዩነት ጎን ለጎን ሳልኩ። የአዋቂ ህብለ ሰረሰር ኤል1 እና ኤል2 አጥንት መሐል አካባቢ ላይ ያልቃል፣ ከዛ በታች ያለው ወደ ታች የሚወርድ የነርቭ ጅራት ነው። ስለዚህ ሴግመንቱ ከስሙ አጥንት ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፣ ወደ ታች በተሄደ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፣ የወገብ (ላምባር) ሴግመንቶች የሚገኙት በታችኛው ደረት ከፍታ ባሉት የጀርባ አጥንቶች ውስጥ ነው። እግሩ የደከመ፣ ሪፍሌክሱ የሚዘልል ሰው ወገቡ ላይ ኤምአርአይ ሲነሳ የሚታየው በአብዛኛው ህብለ ሰረሰር የሌለበት ቦታ ነው።

ሐሙስ፣ ሜዱላና የፊቱ ሽቦ

የአንጎል ግንድ ላይ ደረስኩ። እዚህ የፊት አረንጓዴ ሽቦ ነው ብዙ ሥራ የያዘው። የፊትን ስሜት የሚሸከመው አምስተኛው ነርቭ ፖንስ ላይ ይገባል፣ ህመምና ሙቀት የሚሸከመው ክሩ ግን እዛ አይቆምም፣ ወደ ታች ታጥፎ ሜዱላን አልፎ አንገት ላይኛው ክፍል ድረስ ይወርዳል፣ ከዛ ተሻግሮ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሽቦ በሜዱላ ስፒና ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ አንዴ በፊቱ ጎን ሲወርድ አንዴ በተቃራኒው ሲወጣ። ቦታ ስለጠበበኝ የሚወርደውን ዳር አደረኩት፣ ሲሆንም ትክክለኛ ቦታው እዛው ዳር ነው፣ በናስትሮ ያዝኩት።

ከዛ የቀኝ ሜዱላ ዳርን ነቀልኩ። የቀኝ ፊት አረንጓዴ ጠፋ። የግራ ክንድ፣ ሆድ፣ እግር አረንጓዴ ጠፋ። ቀይ በሙሉ በራ። ሰማያዊ በሙሉ በራ። ፊቱ በአንድ ጎን ሰውነቱ በሌላ ጎን፣ ይሄን ያየ ሰው ከሜዱላ ዳር ውጪ ብዙ አማራጭ የለውም። አዶልፍ ዋለንበርግ በ1895 የገለጸው ነው። ከዚህ ጋር የቀኝ ዓይን ቆብ በትንሹ ዝቅ ይላል ብሌኑ ይጠባል (ቆቡንና ብሌኑን የሚያዘው፣ ወደ ታች የሚወርደው ሲምፓቴቲክ የሚባል የነርቭ መንገድ እዛው ዳር ነው)፣ የቀኝ እጅና እግር ይንገዳገዳል፣ ድምፅ ይሻከራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ማዞርና የማያቆም ስቅታ ሊኖር ይችላል። ምክንያቱ በአብዛኛው የቨርተብራል አርተሪ (በአንገት አልፎ ወደ አንጎል ግንድ የሚሄድ ደም ስር) መዘጋት ነው።

ጉልበቱ ሙሉ ስለሆነ እኮ ነው ይሄ በሽታ የሚያመልጠው። ማዞርና ማስመለስ ይዞ ይመጣል፣ እጅህን አንሳ ሲባል ያነሳል፣ እግርህን ሲባል ያነሳል፣ ስትሮክ አይደለም ይባላል። ፊቱ ላይ መርፌ ቢደረግ፣ ውሃ ሲጠጣ ቢታይ፣ ቁጭ ብሎ ሚዛኑን መጠበቅ መቻሉ ቢታይ ግን ይገኛል። ሳይታይ እንዲበላ ከተደረገ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ለዛ ነው ይሄን ክፍል ከሁሉ በላይ የምደጋግመው።

አርብ፣ ፖንስና ሚድብሬይን

ለክራኒያል ነርቮች (ከአንጎልና ከግንዱ በቀጥታ ለሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች) አምፖል አላደረኩም፣ ካርድ ነው ያደረኩት፣ ስፒናው አጠገብ የሚንጠለጠል። 3 እና 4 ሚድብሬይን፣ ከ5 እስከ 8 ፖንስ፣ ከ9 እስከ 12 ሜዱላ። ህብለ ሰረሰር ላይ ሴግመንት የሚሠራውን እዚህ እነሱ ይሠራሉ፣ ከፍታውን ይናገራሉ። ተማሪዎች የሚወዱት አቋራጭ አለ፣ 12ን ያለ ትርፍ የሚያካፍሉት 3፣ 4፣ 6 እና 12 መሐል ናቸው፣ ቀሪዎቹ ዳር። ቀይና ሰማያዊውም መሐል ናቸው፣ አረንጓዴው ዳር።

ቀኝ ሚድብሬይን ላይ ቀዩን ነቅዬ የ3ን ካርድ ገለበጥኩ፣ የቀኝ ዓይን ቆብ ወድቋል፣ ብሌኑ ሰፍቷል፣ ግራ ክንድና እግር አይታዘዝም። ፖንስ ላይ ሲሆን 6 እና 7 ይገለበጣሉ፣ ቀኝ ዓይን ወደ ውጭ አይሄድም፣ ቀኝ ፊት ግንባሩን ጨምሮ ይላላል፣ ድክመቱ አሁንም ግራ ነው። ነርቩ በሌዥኑ ጎን፣ አካሉ በተቃራኒ፣ ይሄ የአንጎል ግንድ ፊርማ ነው።

ፖንስ ፊት ለፊቱን በሁለቱም ጎን ስነቅል ቀይ የሚባል ሁሉ ጠፋ፣ ፊትም ጭምር። አረንጓዴና ሰማያዊው በርተዋል። ይሄን ሰው አስቡት፣ ይሰማል፣ ያያል፣ ይገባዋል፣ ሲነካ ይሰማዋል፣ መናገርና መንቀሳቀስ ግን አይችልም፣ ዓይኑን ወደ ግራና ቀኝ እንኳ ማዞር አይችልም። የቀረለት ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግና ቆቡን መግለጥ ነው፣ ይሄን የሚያዘው ሚድብሬይን ከሌዥኑ በላይ ስለሆነ ተርፏል። ራሱን ስቷል ተብሎ ከራስጌው ስለሱ ሊወራ ይችላል። ምላሽ የማይሰጥ ሰው አጠገብ የቆመ ሁሉ "ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች እይ" ብሎ ሳይጠይቅ እንዳይሄድ እለምናለሁ።

ሰኞ፣ ሙከራ

ተማሪዎቹ መጡ። ስፒናዎቹን በጨርቅ ሸፍኜ ከኋላ ነቀልኩ፣ አምፖሎቹን ብቻ ነው የሚያዩት። ግራ ክንድ፣ ሆድና እግር ቀይና ሰማያዊ ጠፍቷል። አረንጓዴ ሁሉም በርቷል። ፊት ሙሉ በርቷል።

አንዱ ወዲያው "ቀኝ አንጎል ነው" አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ "ፊቱስ?" አለችው። ዝም አለ። ትንሽ ቆይታ "ዶክተር፣ ግራ አንገት ቢሆን የቀኙ አረንጓዴ ይጠፋ አልነበር?" አለችኝ። "አዎ፣ ቀጥይ" አልኳት። "ስለዚህ ቀይና ሰማያዊ አብረው ያሉበት፣ አረንጓዴው የራቀበት፣ ፊቱ ደግሞ ቀድሞ የወጣበት ቦታ ነው" ብላ ጣቷን ከላይ ወደ ታች እያወረደች ሜዱላ ላይ አቆመች፣ "ቀኝ ሜዱላ፣ መሐሉ"። ከዛ ሳልጠይቃት "ምላሱን ላሳየኝ" አለች። የ12ን (የምላስ ነርቭ) ካርድ ገልብጬ ነበር፣ ምላሱ ወደ ቀኝ ይዞራል።

የጎደለውን ያሳዩኝም እነሱው ናቸው። የሰሌዳው የታችኛው ጫፍ አሁን አንድ ስፒና ብቻ ነው፣ የህብለ ሰረሰሩን ጫፍና ከሱ በታች ያለውን የነርቭ ጅራት አይለይም። መለየት አለበት፣ ጫፉ ሲጎዳ ሽንት ቀድሞ ይያዛል፣ የመቀመጫ ስሜት በሁለቱም ጎን እኩል ይጠፋል፤ ጅራቱ ሲጎዳ ደግሞ ወደ እግር የሚወርድ ህመም ይቀድማል፣ አንዱ እግር ከሌላው ይብሳል፣ ሪፍሌክስ ይጠፋል እንጂ አይዘልም። ሽንት አልወጣ ማለትና መቀመጫ መደንዘዝ አብረው ከመጡ ደግሞ የትኛውም ይሁን በዛው ቀን መነሳት ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ ከኤል2 በታች ለእያንዳንዱ ሥር የየራሱ ቀጭን ሽቦ፣ ለፊኛ አንድ ቢጫ አምፖል በኤስ2፣ ኤስ3 እና ኤስ4 በኩል። ኮምፔርሳቶው ተቆርጧል፣ ሽቦው ይቀራል።